ጃንጥላ አጣጣፊዋና የጦር ሰፈሩ ሙዚየም

ጥቅምት 4

ለምወድዎ አክስቴ፣ ለእታለም፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጉልበትዎም፣ ዓይንዎም፣ ያ በየሳምንቱ የሚያኮርፈው የስፌት መኪናዎም ደህና እንዲሆኑልኝ እመኛለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ያው እንደሚያውቁት ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል እኔ የሊፍቱን ሞተር እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው።

በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን የእኛን ስልክ ያውቁታል። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» «ደህና፣ በል እንዳይቆጥርብህ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ጥርቅም ነው። ወረቀት ይሻለናል።

ወሬው ይኸውልዎ፤ ፈቃድ አገኘሁ! የካቲት መጨረሻ ላይ ሦስት ሳምንት እመጣለሁ። ለአባቴ ለቅሶ ሳልደርስ ከቀረሁ አራት ዓመት ሞላኝ፤ አሁንም ይቆጨኛል። መቃብሩን አያለሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አምሮኛል። አባቴ በወጣትነቱ አየር ወለድ የነበረበት፣ እርስዎም ልብስ ሰፊ የነበሩበት የጦር ሰፈር ውስጥ የጦር ታሪክ ሙዚየም ተከፍቷል አሉ። ሲቪልም ይገባል። አባቴን በሁለት እግሩ ሲሮጥ አላየሁትም። ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ሲያነክስ ነው፤ «ከካሚዮን ላይ ወድቄ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል ነግሮን አያውቅም። የሮጠበትን ሜዳ አብረን ብናየው፣ እርስዎም እዚህ ጋ እንዲህ ይል ነበር፣ እዚያ ጋ እንዲህ ይል ነበር ቢሉኝ ደስታዬን አልችለውም።

የጎብኚ ስም ዝርዝር ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። የመታወቂያዎን ኮፒ ቶሎ ይላኩልኝ። ከዚህ ከባሕር ማዶ ምን ይዤልዎ እንድመጣም ይጻፉልኝ፤ «ምንም አልፈልግ» የሚለውን ግን አልቀበልም።

ልጅዎ ማሙሽ
(ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ግን ሌላ ስም ብፈርም ማን ነው ብለው ይመልሱታል)


ጥቅምት 22

ለወንድሜ ልጅ፣ ለማሙሽ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እየበላህ ነው? ባለፈው በላክኸው ፎቶ አንገትህ ቀጥኖ አይቼ ሆዴ ባሰኝ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ትንሽ ይለግማል እንጂ ደህና ነኝ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ሰውና ከተበላሸ ሊፍት ይሰውርህ።

ትመጣለህ የሚለውን ሳነብ እልል ብዬ ጎረቤቴን ነርሷን አስደነገጥኳት። መስኮቱን ከፍታ «እታለም፣ ሎተሪ ነው?» አለችኝ። «ከሎተሪ ይበልጣል» አልኳት። የጓዳውን ክፍል ቀለም ላስቀባልህ ነው። አልጋው አጭር ነው፤ እግርህን አጥፈህ ትተኛለህ።

ካመጣህልኝ ለቅርብ የሚሆን መነጽር ይሁንልኝ። የመኪና መርፌም ጨምርበት፤ ቁጥር አሥራ አራት። የዚህኛው ገበያ መርፌ ጂንስ ሲያይ ይሰበራል።

ስለዚያ ሙዚየም ደግሞ፣ ምን ያደርግልሃል? መንገዱ ሩቅ ነው፣ አቧራው አይጣል ነው። የተሰበረ ጠመንጃና የዛገ ቆርቆሮ ለማየት ሦስት ሳምንትህን ታባክናለህ? ሐይቁ ዳር አዲስ መናፈሻ ተሠርቷል፤ እዚያ ቁጭ ብለን ብናወራ አይሻልም? ለነገሩ መታወቂያዬም ጠፍቶብኛል።

አክስትህ


ኅዳር 5

እታለም፣ ጤናዎ ይብዛልኝ፣

መነጽሩ ተገዝቷል፣ መርፌውም ተገዝቷል። የቁጥር አሥራ አራት መርፌ ስፈልግ የሱቁ ባለቤት ሙያዬን ጠየቀችኝ፤ «የአክስቴ መልእክተኛ» አልኳት።

መታወቂያዎ ግን አልጠፋም። በሕይወትዎ መርፌ ጠፍቶብዎ የማያውቁ ሰው መታወቂያ ጠፋብኝ ሲሉ እኔ ልመን? ዳር ዳር አይበሉብኝ።

ለማንኛውም እኔም ዝም አላልኩም፤ ሙዚየሙ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ጠባቂው አስር አለቃ ነው። እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አላየሁም፤ ወታደር ነው ብለው አያምኑም። ያለውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። የመስክ ሬዲዮ አለ፣ አሮጌ ካሚዮን አለ፣ ፓራሹት የሚታጠፍበት አሥራ ሁለት ሜትር ጠረጴዛ አለ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ የዝላይ አደጋዎች መዝገብ አለ። የእርስዎን ስም ብነግረው የሠራተኛ መዝገብ አገላብጦ አገኘዎት! «ፓራሹት አጣጣፊ፣ አራት ዓመት፣ በራሳቸው ጥያቄ የለቀቁ» ብሎ አነበበልኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የወታደር ሱሪ ይሰፉ ነበር ብዬ ነው የማውቀው። ፓራሹት ማጣጠፍ እኮ የሰው ነፍስ በእጅ መያዝ ነው! እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ የሚደብቅ ሰው አለ? እኔ ብሆን ግንባሬ ላይ ነበር የምለጥፈው። በሞቴ፣ ለምን ደበቁን?

ማሙሽ


ኅዳር 29

ማሙሽ፣

ሰላምታዬን ባጭሩ ተቀበለኝ። ወረቀትህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። መልስ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ።

በሞቴ ስላልክ ነው የምነግርህ። ሁለተኛ በሞትህ አታስምለኝ።

እኛ ሥራ ቤት ፓራሹት አንልም፤ ጃንጥላ ነበር የምንለው። ጨርቁን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለህ፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ ታስተካክላለህ፣ ገመዶቹን ትቆጥራለህ፣ ከረጢቱ ውስጥ ትከታለህ። መጨረሻ ላይ ስምህንና ቀኑን ካርድ ላይ ጽፈህ ኪሱ ውስጥ ትከታለህ። እጄ ፈጣን ነበር አልልህም፤ ግን ንጹሕ ነበር። ወንዶቹ ተሰልፈው «የእሷን ስጡኝ» ይሉ ነበር። ኧረ እንዴት እወደው ነበር ያንን ሥራ!

አንድ ደንብ ነበረ። ሻለቃው በየወሩ ከታጠፉት መሐል አንዱን በዕጣ ያወጣና ያጣጠፈው ሰው ራሱ እንዲዘልበት ያዛል። እጃችን እንዳይሰንፍ ነው። ሁላችንም ለዚያ ሰልጥነናል። አራት ዓመት ሙሉ ዕጣው አለፈኝ። አንድ ማለዳ ግን ስሜ ተጠራ።

እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ፣ ማሙሽ። ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ አባትህ ከሰልፉ ወጣ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። «ጌታዬ፣ እኔ ልዝለልበት፤ የእህቴን እጅ አምነዋለሁ» አለ። ሻለቃው ሳቀና ፈቀደ።

አውሮፕላኑ ወጣ፣ እኔ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ አባትህ መሬት ላይ ነው፣ እግሩ እንዳይሆን ሆኗል። ከካሚዮን አልወደቀም። በእኔ ፈንታ፣ እኔ ባጣጠፍኩት ጃንጥላ ዘሎ ነው የተሰበረው።

በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅኩ። አባትህ ሆስፒታል ተኝቶ «ጃንጥላሽ ደህና ነበር፣ እታለም» አለኝ። እስኪሞት ድረስ፣ ባነሳሁበት ቁጥር ይኸው ነበር መልሱ። ሌላ ምን ይበለኝ? ከእጅሽ ነው ቢለኝ እሞታለሁ፤ ስለዚህ አጽናናኝ። ለእናንተም ካሚዮን ብሎ ሸፈነልኝ።

ያ የአደጋ መዝገብ እውነቱን ያውቃል። እኔ ግን ሳላውቀው አርባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሁን በስተርጅና አንተ አጠገቤ ቆመህ የአባትህን እግር የሰበረችው አክስትህ ናት ብሎ ሲነግርህ መስማት አልችልም። የፈራሁት እሱን ነው። ሌላ ምስጢር የለኝም።

መታወቂያው አልጠፋም፤ ኮፒው ይኸው። ሄደህ እይ። መብትህ ነው። እኔን ግን ተወኝ። መነጽሩንም ተወው።

አክስትህ


ጥር 12

እታለም፣ እናቴም አክስቴም፣

ስለ ቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በፖስታው አላሳብብም፤ እኔ ነኝ የቆየሁት።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ወረቀትዎን ያነበብኩ ዕለት ተናድጃለሁ። ንዴቴም አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። በእርስዎ ግን አይደለም። አባቴ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ካሚዮን በሄደበት ሁሉ በድንጋይ እወግር ነበር፤ ያውቃሉ? የአባቴን እግር የሰበረው እሱ ነው ብዬ! የስንቱን ምስኪን ሾፌር መስታወት ነው የሰበርኩት። አባቴ ቆሞ እያየ አንድ ቀን «ተው፣ ካሚዮኑ ምን አደረገህ» አላለኝም።

ከዚያ ንዴቴ አለፈና እርስዎን አሰብኩ። እኔም እኮ እፈርማለሁ። አንድ ሊፍት አይቼ ስጨርስ ሞተሩ ክፍል ያለው ካርድ ላይ ስሜንና ቀኑን እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ቤቴ ልደርስ ስል ያንን ብሎን አጥብቄዋለሁ ወይስ አላጠበቅኩም እያልኩ ተመልሼ የሄድኩበት ጊዜ አለ። እርስዎ ግን የሚመለሱበት አጥተው አርባ ሁለት ዓመት ቆሙ። እኔን! አንጀቴን በሉት።

መዝገቡ የፈለገውን ይበል፣ የእርስዎ ልጅ ነኝ። አባቴ ሥራ ሲያጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ማን ሰፋልኝ? እዚህ እንድመጣ የመጀመሪያ የስፌት መኪናዋን የሸጠችው ማን ናት? መዝገቡን ሳይፈቅዱልኝ አላስከፍተውም፤ ስለ እሱም ለአስር አለቃው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከሄድን አብረን እንሄዳለን፤ ካልሄድን ሐይቁ ዳር እንቀመጣለን፤ አለቀ።

ግን አንድ ሌላ ጣጣ መጣ። ኮፒውን ለአስር አለቃው ልኬለት ነበር። ትናንት ደወለና እየፈራ እየቸረ «ጌታዬ፣ በመታወቂያው መሠረት አክስትዎ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው። በእኛ መዝገብ ደግሞ የተቀጠሩት ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ቀጥረን የነበረው?» አለኝ። ሁለቱ ካልገጠሙ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አያስገባም። እታለም፣ ዕድሜዎን የት ጣሉት?

ማሙሽ


ጥር 25

ማሙሽዬ፣ ዕድሜዬን ሳይሆን ያንተን ያርዝመው፣

ወረቀትህን ይዤ ነርሷ ቤት ሄድኩ፤ ለብቻዬ ለመክፈት ፈርቼ። ጥሎኛል፣ አኩርፎኛል፣ አልቅሶብኛል ብዬ ሰባት ሳምንት እህል አልረጋልኝም ነበር። ነርሷ እያነበበችልኝ ስለ ካሚዮኖቹ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያ ለቅሶ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ። ነርሷ የደም ግፊቴን ለካችኝ።

ስለ ዕድሜዬ አትሳቅ። የዛሬ ሃያ ዓመት የስፌት ማኅበሩ አርባ ያለፈውን አንቀጥርም ሲል፣ እኔ ደግሞ አርባ ስድስት ነበርኩ፣ መታወቂያዬን ሳሳድስ አሥራ አንዱን ለጸሐፊው ተውኩለት። ማን ይጎዳል ብዬ? ጦሩ ይቆጥራል ብዬ መቼ አሰብኩ!

ማክሰኞ መታወቂያ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ጉዳዬን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ እዚህ ስቀመጥ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ሁሉ ለማስቀነስ ነው የሚመጣው። ለማስጨመር ሲመጣ ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ «የጣሉትን ወጣትነት ለእኔ ይስጡኝ» ይለኛል፣ ዓይኑ ይጥፋና። እንዲህ ሆኜ በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ዓመት አረጀሁ። ደግነቱ ጉልበቴ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

አዲሱ ኮፒ ይኸው። አዎ፣ እሄዳለሁ። አጠገቤ ከቆምክ እሄዳለሁ፤ መዝገቡም ይከፈት። ለየካቲት 30 አስመዝግበን። መነጽሩንም ይዘህ ና፤ ያለሱ አላነብም።

አክስትህ


የካቲት 9

እታለም፣

እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ጤናዎን እንኳ ሳልጠይቅ ልንገርዎ፤ መምጣቴ ቀረ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ጀርባውን ታመመና ድርጅቱ ፈቃዴን ሰረዘብኝ። ሁለት ሆስፒታልና አንድ የአረጋውያን ቤት በእኔ እጅ ነው፤ ትቼ ብሄድ ሥራዬ የለም። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ ምንም አልሆነም። ምናልባት ክረምት ላይ ይላሉ።

ለአባቴ ቀረሁ፤ አሁን ለእርስዎ ቀረሁ። አፈርኩ። መነጽሩንና መርፌውን በፖስታ ልኬያለሁ። ቀኑን ለአስር አለቃው ደውዬ ላስለውጠው? እባክዎ ይጠብቁኝ። ብቻዎን እንዲሆኑ አልፈልግም።

ማሙሽ


መጋቢት 1

ለማሙሽ፣ ለዓይኔ፣

ጤናህን ይስጥህ። ሊፍት ውስጥ ላሉት በሽተኞችም ጤና ይስጣቸው። አትፈር፤ ሰው ጥለህ ብትመጣ ነበር የማዝንብህ።

አልጠበቅኩህም። ተቆጣኝ።

ወረቀትህ የደረሰኝ ለቀኑ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ መነጽሩም በማግስቱ ደረሰ። ይቅርብኝ፣ ማሙሽ ሲመጣ፣ አልኩ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ጨምሬ የተመዘገብኩት ለክረምት ነው እንዴ አልኩ። ክረምት ድረስ ስፈራ ልክረም? በቃኝ፤ ፍርሃት ሰለቸኝ። ትናንት ጠዋት ነርሷ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ዝርዝሩን አየ፣ መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ። «ይግቡ፣ እናቴ» አለ። ሙዚየሙ የጥንቱ የካሚዮን ጋራዥ ነው። ወለሉን በሰም ወልውለውታል፤ ከሥሩ ግን ዘይቱ አሁንም ይሸታል። አስር አለቃህ ቀጭን ልጅ ነው፤ የሱሪው ተኩስ እጅ ይቆርጣል። ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል፣ እኔ ግን ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክያለሁ። የእኔ ጠረጴዛ! ላዩ ላይ «የፓራሹት መስፊያ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈዋል። «ማጣጠፊያ ነው እንጂ መስፊያ ማን አለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። የሰቀሉትም ጃንጥላ ገመዱ ተወሳስቦ የአሮጊት ጸጉር መስሏል። ምስኪኑ ልጅ ማስታወሻ አወጣ፤ የምለውን ሁሉ ይጽፋል።

ሌላ የማወራው ሲያልቅብኝ ወንበር ለመንኩትና መዝገቡን ክፈትልኝ አልኩት። ቀኑን ነገርኩት። ቀኑን መቼ ረስቼው አውቃለሁ?

መነጽሬን አደረግኩ፤ መዝገቡን ግን ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት። «አንተ አንብብልኝ» አልኩት። መጀመሪያ የመርማሪው ቃል ነበር፦ «ጃንጥላው በሚገባ ተከፍቷል። ገመዶቹ አልተጠማዘዙም። የማጣጠፍ ጉድለት የለም።» ድገመው አልኩት፤ ደገመው። ሦስተኛ አስደገምኩት። ከዚያ «እናቴ፣ ከጀርባው ደግሞ የዘላዩ የራሱ ቃል አለ» አለኝ። የአባትህ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያ ወደ ላይ የሚወጣው መስመሩ። እንዲህ ይላል። ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፦

«እህቴ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር። ጃንጥላዋ በደንብ እንደተከፈተ አይታ እንዳትጨነቅ ብዬ ሁለት እጄን አንስቼ አውለበለብኩላት። በዚህ መሐል ለማረፍ ሁለት እግሬን መግጠም ረሳሁ፤ መሬቱ ቀደመኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። የመንደሬ ልጆች እጅ ሲያውለበልብ ተሰበረ ብለው ቢሰሙ ዕድሜ ልኬን መሳቂያ ስለምሆን፣ ከካሚዮን ላይ ወደቀ ተብሎ እንዲነገርልኝ በትሕትና እለምናለሁ።»

አየኸው አባትህን? አየኸው ጉደኛውን? ለእኔ ብሎ የደበቀ መስሎኝ ስንት ዓመት አንገቴን ደፋሁለት፤ እሱ ለካ አፍሮ ነው! ተነሥቶ ቢሆን በኩርኩም ነበር የምለው። ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣብኝ። «ጃንጥላሽ ደህና ነበር» ያለኝ እውነቱን ነበር። ሺህ ጊዜ ነገረኝ፤ እኔ ነኝ ሺህ ጊዜ ያላመንኩት። እሱ እጄን አምኖ ከሰማይ ዘለለ፣ እኔ አንድ ቃሉን ማመን አቃተኝ። ያንን የምወደውን ሥራ ማንም አልወሰደብኝም፤ ራሴ ነኝ የጣልኩት። ይኼ ያቃጥላል፣ ማሙሽ፤ አላቃጠለኝም ብዬ አልዋሽህም።

አስር አለቃው ውሃ አመጣልኝ። «ሲያውለበልብልዎት አይተውታል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ የዋህ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱ ነገርኩት፣ ላንተም እነግርሃለሁ። አላየሁትም። ከአውሮፕላኑ ከወጣ ጀምሮ ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፍኜ ነበር። እግሩን የሰበረው እኔን ሰላም ሲል ነው፤ እኔ ደግሞ አላየሁትም።

ከጋራዡ ኋላ በር አለ፤ ወደ ሜዳው ይወጣል። ሣሩ ታጭዷል፣ ሁለት ወታደሮች ኳስ ይጫወቱ ነበር። የቆምኩበትን ቦታ አወቅኩት። ቆምኩና ወደ ላይ አየሁ፤ ከዚያ ሁለት እጄን አንስቼ አውለበለብኩ። እጄ እስኪዝል ድረስ። ኳስ ተጫዋቾቹ እነሱን መስሏቸው መልሰው አውለበለቡልኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ስትመጣ ደግመን እንሄዳለን፤ እስከዚያ ድረስ ገመዱን ፈትቼ እንዳስተካክልላቸው አስር አለቃው በየሐሙሱ እንድመጣ ለምኖኛል፤ እሺ ብያለሁ። ፈጣሪ እጅህን ይባርክ፤ የምትፈርምበትን ሁሉ ያጽናልህ። ብላ፣ አንገትህ ይወፍር።

አክስትህ፣ ጃንጥላ አጣጣፊዋ